ብቅል፣ ጥላ እና ጭቃ፦ የአፀደ ሕፃናት ዓመት

በከተማችን በብዙ አፀደ ሕፃናት ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። አራት ቦታ የተከፈለ ነው። በአንዱ በኩል ዛፎች ብርቱካንማ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። በሌላው ልጆች ወፍራም ጓንት አጥልቀው ከበረዶ ሰው ይሠራሉ። በሦስተኛው አበባ ያብባል፤ በአራተኛው አንድ ቤተሰብ ባሕር ዳርቻ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ይዝናናል። ከሥሩ የአራቱ ወቅቶች ስም በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የአምስት ዓመት ልጅ በሥዕሉ ፊት ቆሞ አራቱን ስሞች በዜማ ይወጣቸዋል፤ የሰማ ወላጅም ልጄ ዐወቀ ብሎ ደስ ይለዋል።

ይህ ሥዕል ከግድግዳ ይውረድ ከሚሉት ወገን ነኝ። የውጭ አገር ስለሆነ አይደለም። ልጆች ስለ ሩቅ አገር መስማት ይወዳሉ፤ ይገባቸዋልም። ችግሩ ሌላ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ የሚማረው ነክቶ፣ አሽትቶ፣ ወጥቶ አይቶ ነው። በመስኮት ቢመለከት የማያገኘውን ነገር ሲሸመድድ ማንም ሳይነግረው አንድ ነገር ይማራል፤ ክፍል ውስጥ የሚባለውና ውጭ ያለው አይገናኙም የሚል ነገር። ይህ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚያውቁ፣ ደጃቸው ላይ የበቀለውን ዛፍ ስም ግን የማያውቁ ስንት ወጣቶች አሉን።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ሕፃን ቀርቶ ዐዋቂም ልብ አይለውም። ዛፎቻችንም በአንድ ወር ተስማምተው ቅጠላቸውን አያራግፉም። እዚህ ዓመቱን የሚከፋፍለው ከሁሉ በላይ ውኃ ነው፤ መቼ መጣ፣ መቼ አባራ፣ መቼ ጠፋ። የቆየው አቆጣጠራችን ይህን በደንብ ይዞታል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከዚያ እስከ ሰኔ 25 ፀደይ። የትምህርት ዘመናችን ደግሞ በክረምቱ መጨረሻ ተጀምሮ በሚቀጥለው ክረምት ደጃፍ ላይ ያልቃል። አንድ መምህር ከዚህ የተሻለ የዓመት ዕቅድ ከየት ያመጣል?

የማስተምረው በሰሜን አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ሥር ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው። ከሱቅ የተገዙት መጫወቻዎች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ብዙ ሳይቆዩ ይሰባበራሉ። ወቅቱን እየተከተልኩ ማጫወት የጀመርኩት ከመጽሐፍ አንብቤ አልነበረም። ልጆቹ በእጃቸው የሚይዙት ነገር ይፈልጉ ነበር፤ ግቢውና ተራራው ደግሞ በየወሩ አዲስ ነገር ይሰጡ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ነገሩ የመጫወቻ እጥረት መሙያ እንዳልሆነ፣ ትምህርቱ ራሱ እንደሆነ ተረዳሁ።

መስከረም ላይ ገና ወደ ክፍል የገቡ ልጆች ያለቅሳሉ። የእናታቸውን ነጠላ ጫፍ ይዘው አይለቁም። በዚያ ሰሞን ፊደል የሚባል ነገር አላነሳም። አደይ አበባ ከእነ ግንዱ፣ ከለምለም ሣር ጋር በዛ አድርጌ አመጣና መሐል ላይ እዘረግፈዋለሁ። የሚያለቅስ ልጅ እጁ ሥራ ካገኘ ለቅሶውን ይረሳል። አንዱ ረጃጅሙን ለብቻ፣ አጫጭሩን ለብቻ ይደረድራል። ሌላዋ ያልፈነዳውን እንቡጥ ትለያለች። አንዱ ደግሞ ሣሩን ከደጃፉ ጀምሮ እስከ መስኮቱ በመስመር ያነጥፈዋል፤ ማንም አላዘዘውም፣ በዓል በመጣ ቁጥር ቤቱ ያየው ነው። የአበባውን ቅጠሎች ሲቆጥሩ የአንዱ አበባ ከሌላው ይለይባቸዋል፤ ይጨቃጨቃሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ። ይህ መቁጠር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ በኅብረት ከመጮህ ፈጽሞ ይለያል። እዚህ ቁጥሩ የሚያስፈልገው ክርክር ለመፍታት ነው።

ከመስቀል በኋላ አበባው ይጠወልጋል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ተራራው ከቢጫ ወደ ቡናማ ሲለወጥ ልጆቹ ከኔ ቀድመው ያያሉ። በዚያ ሰሞን ጨዋታችን ካልሲ ላይ ነው። ሣር ውስጥ ሮጠው ሲመለሱ ካልሲያቸውና የሹራባቸው ጠርዝ በሚጣበቁ ዘሮች ይሞላል። እየነቀሉ በወረቀት ላይ ይለጥፏቸዋል፤ ሹል፣ ክብ፣ ባለ ጭራ እያሉ ይለዩዋቸዋል። ለምን እንደሚጣበቁ ስጠይቃቸው አንዲት ልጅ «እግር ስለሌላቸው በእኛ እግር ሊሄዱ ነው» አለች። የዕፅዋት መምህር ከዚህ የበለጠ ምን ይጨምራል?

ኅዳር 12 ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያጤሳል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የፈጀውን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ ነው። እኛ ጭሱን ትተን ጠረጋውን እንወስዳለን። ልጆቹ የግቢውን ጥራጊ ሰብስበው የሚበሰብሰውንና የማይበሰብሰውን ይለያሉ፤ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ወስደን አጥሩ ሥር እንቀብራለን። ፀደይ ላይ ቆፍረን ስናወጣው ቅጠሉ አፈር ሆኗል፤ ፌስታሉ ግን እንዳለ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ የተጻፉ መፈክሮችን ሁሉ ብታነቡላቸው እንደዚያ ፌስታል አይገባቸውም።

ታኅሣሥ የእህል ወር ነው። ከገጠር ዘመድ የሚመጣበት፣ ጤፉ ከአውድማ የሚገባበት ጊዜ ነው፤ ከተማ የተወለደ ልጅ እንኳን ቤቱ ውስጥ የጆንያ ሽታ ይሸተዋል። ጤፍ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ስንዴ በየሳህኑ አድርጌ አቀርብላቸዋለሁ። መጀመሪያ ቀላቅለው ይጫወቱበታል፤ ከዚያ መልሰው ይለያሉ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ባቄላውን ቆጥሮ ጨረሰና ወደ ጤፉ ዞረ። አንድ በአንድ በጣቱ ጫፍ እያነሳ ጀመረ። ከአንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ፍሬ አለ፤ እኔ ይህን ዐውቃለሁ፣ እርሱ አያውቅም፤ ዝም ብዬ አየሁት። ጥቂት ቆጠረና ቀና ብሎ ሳህኑን አየ። ተነሥቶ ሄደ። ከመጫወቻ ሣጥኑ ሲኒ ይዞ ተመለሰና ጤፉን በሲኒ እየሰፈረ «አንድ፣ ሁለት» ማለት ጀመረ። የሚቆጠርና የሚሰፈር ነገር መለያየቱን በራሱ እጅ ደረሰበት። እኔ ያንን ለማስተማር ብነሣ ልጆቹን አሰልችቼ፣ ራሴም ደክሜ በቀረሁ ነበር።

የታኅሣሡ ትልቅ ሥራ ግን ብቅል ነው። ለገና ብዙ ቤት ጠላ ይጠመቃል፤ ብቅል የሌለው ጠላ የለም። ከልጆቹ የአንዷን አያት ጋብዘናቸው መጡ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ገብሱን ሰፌድ ላይ ዘርግተው፣ ልጆቹን ዙሪያቸውን ሰበሰቧቸው። «ኑ፣ ልቀሙልኝ፤ የኔ ዐይን ደክሟል» አሏቸው። ልጆቹ እንደዚያ ሲባሉ ያላቸውን ኩራት ብታዩ! ትልቅ ሰው እርዳታቸውን ፈልጓል፤ የማስመሰል ጨዋታ አይደለም። ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን፣ ግማሹን ፍሬ በሁለት ጣታቸው እያነሱ ለቀሙ። ያ ሁለት ጣት ነው ነገ እርሳስ የሚይዘው።

ገብሱ ታጥቦ ተነክሮ አደረ። በማግስቱ አጠነፈፉትና በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለልጆቹ ከባድ ነበሩ። በየደቂቃው «አሁን እንክፈተው?» ይሉኛል። እማማ ግን አንዴ ተናግረው ሄደዋል፤ «ብቅል የሚፈልገው ጨለማና ሙቀት ነው፤ የነካካው ሰው ያበላሸዋል» ብለው። ልጆቹ እርስ በእርስ ይጠባበቁ ነበር። እጁን ወደ ጥቅልሉ የዘረጋውን ሌላው «እማማ ምን አሉ!» ብሎ ይመልሰዋል። መታገሥን በቁጣ ያስተማረ መምህር ዐላውቅም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ልጆች የሚታገሡለት ነገር ነበራቸው።

እማማ ተመልሰው መጥተው ሲከፍቱት ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እርጥብ አፈርና ትኩስ ዳቦ የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ። ገብሱ ጎንቁሏል። ነጫጭ ሥሮቹ እርስ በእርስ ተጠላልፈው እንደ ምንጣፍ ተያይዘዋል። አንድ ልጅ መዳፉን አኖረበትና ቶሎ አነሣ።

«ይሞቃል!» አለ። «አሞታል እንዴ?»

«አላመመውም ልጄ» አሉት እማማ። «የሚበቅል ነገር እንዲህ ይሞቃል።»

ሁሉም በየተራ እጃቸውን ጫኑበት። አንዷ ጉንጯን አስጠጋች። እውነት ነው፤ የሚበቅል እህል ይተነፍሳል፣ ሙቀትም ያወጣል፤ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ ጥሬውን ገብስና ብቅሉን ጎን ለጎን አስቀምሼ አስቀመስኳቸው። ብቅሉ ይጣፍጣል፤ ያው ገብስ ነው፣ ግን ይጣፍጣል። ማን ስኳር ጨመረበት የሚለው ጥያቄ ለሳምንት አልተፈታም። በዚያ ሳምንት ልጆቹ እቃ እቃ ሲጫወቱ «ንከሪው»፣ «አጠንፍፊው»፣ «አስጪው» እየተባባሉ ሰማኋቸው። እነዚህን ግሦች ከኔ ቃል በቃል ቢማሯቸው ኖሮ በማግስቱ ይረሷቸው ነበር።

በጋው ላይ ብዙ አልቆይም፤ አቧራና ነፋስ ነው። ደረቁ መሬት ግን ለሰኞ ማክሰኞ የተሠራ ነው። ልጆቹ በጠጠር መስመሩን ራሳቸው ያሰምራሉ፤ አራት ማዕዘን ሲጣመምባቸው ያጠፋሉ፣ እንደገና ያሰምራሉ። በአንድ እግር ሲዘሉ ሚዛን ይማራሉ። ጥርና የካቲት በዚህ ያልፋሉ።

ከሁሉ የምወደው ጨዋታ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቀው የጥላ ጨዋታ ነው። ግቢያችን ውስጥ የሲሚንቶ ወለል አለ። በየወሩ አንድ ቀን፣ ልጆቹ ምሳ ከበሉ በኋላ ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ እንወጣለን። ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ጣራ የምትነካው ልክ በስድስት ሰዓት ሳይሆን ከሃያ አምስት ደቂቃ ያህል በኋላ ነው፤ ሰዓታችን የተቀረጸው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ ኬንትሮስ ስለሆነ። አንዱ ልጅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሌላው በጠመኔ ጥላውን ይከባል። ታኅሣሥ ላይ ጥላው ከቁመታቸው ግማሽ በላይ ይሆንና ወደ እንጦጦ ይዘረጋል። በየካቲት ያጥራል። በመጋቢት የበለጠ ያጥራል። ጠመኔው በዝናብ እንዳይታጠብ የየወሩን ልክ በገመድ ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ያ የውጭ አገር ሥዕል በነበረበት ቦታ አሁን ያሉት እነዚያ ገመዶች ናቸው።

ከዚያ ሚያዝያ ይመጣል። በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ግድም ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ታልፋለች። ሰማዩ ጠርቶ በነበረበት ዓመት ልጆቹን አስወጥቼ አቆምኳቸው። ጠመኔ የያዘችው ልጅ ጓደኛዋን ዞረችው። አንዴ በፊቱ፣ አንዴ በኋላው ጎንበስ ብላ ፈለገች።

«ቲቸር፣ ጥላው የለም!»

ሁሉም ወደ ታች አዩ። የየራሳቸው ጥላ በጫማቸው ሥር ተሰብስቧል። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ። ዘለሉ፤ ሲዘሉ ጥላቸው ከሥራቸው ወጥቶ ተመልሶ ሲገባ አዩና እንደገና ዘለሉ። እጃቸውን ዘርግተው ክንድ ብቻ ያለው ጥላ ሠሩ። አንዱ መሬት ላይ ተኝቶ በጎን በኩል ሊያገኘው ሞከረ። ሰኔ ላይ ፀሐይዋ ከደመና ካመለጠች ጥላው ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ግን የቁመታቸውን ሩብ ያህል ሆኖ ወደ ሌላው አቅጣጫ፣ ወደ ፒያሳ በኩል ይተኛል። ልጆቹ «ዞረ!» ይላሉ። ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ፤ የቀትር ጥላ በዓመት ውስጥ አቅጣጫ እንደሚቀይር የሚያውቅ ስንት ታገኛላችሁ?

በርሊን ወይም ለንደን ያለ ልጅ አገሩ ላይ ሆኖ ይህን በዕድሜው ሙሉ አያይም፤ ፀሐይ እዚያ አናት ላይ ደርሳ አታውቅም። የኛ ልጆች በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በግቢያቸው ያገኙታል፤ አንዱ በሚያዝያ፣ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ በነሐሴ መጨረሻ። ይህን የመሰለ ሀብት አናታቸው ላይ እያለፈ እኛ ስለ በረዶ ሰው እናዘምራቸዋለን። በዚህ ጉዳይ ለዘብ ብዬ መናገር አልችልም።

ዝናቡ ሲመለስ ጭቃው ይመጣል፤ ከጭቃው ጋር የወላጅ ቅሬታም ይመጣል። ቅሬታውን አልንቀውም። ዩኒፎርም በእጅ የምታጥበው እናት ናት፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የአንድ ሕፃን የቆሸሸ ልብስ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ከየቤቱ ያረጀ ሸሚዝ አሰባስበን በጭቃ ቀን ከላይ ያደርጋሉ። ከባዱ ሌላው ነው። አንድ አባት «ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው፤ ጭቃማ እኔም ያደግሁበት ነው» አለኝ። ይህ ሰው ከገጠር ወጥቶ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ ለልጁ የተሻለ ሕይወት የሚሻ ሰው ነው። ለእርሱ ጭቃ ያመለጠው ነገር ነው። ደብተር ሞልቶ ሲያይ የከፈለበት ዋጋ ይታየዋል፤ የጭቃ ጀበና ሲያይ ግን አይታየውም።

የምነግረው ይህን ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ አጥንቶች ገና ሙሉ በሙሉ አጥንት ሆነው አልጠነከሩም። ያንን እጅ ይዘን ገጽ ሙሉ «ሀ» ስናስጽፍ ልጁ የሚማረው ድካም ነው። ጭቃ የሚያቦካ፣ የሚያድበለብል፣ የሚጠፈጥፍ እጅ ግን ጡንቻው ሳይታወቀው ይጠነክራል። በኋላ እርሳስ ሲይዝ አይንቀጠቀጥም። ደብተሩ መጥቶ ይሞላል፤ ከእጁ በፊት አይሁን እንጂ። አንዳንድ ወላጅ ይቀበለኛል፤ አንዳንዱ አይቀበለኝም። ያ አባት እስካሁን አልተቀበለኝም፤ ልጁን ግን አላስወጣም።

ስለ ጭቃ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከትምህርት ቤታችን ብዙ ሳይርቅ ቀጨኔ አለ፤ ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ድስቱን ለከተማው የሚሠሩት ሸክላ ሠሪ እናቶች የሚኖሩበት ሰፈር። እነዚህ ሴቶች በሙያቸው ለረጅም ዘመን ሲናቁ፣ በመጥፎ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ንቀቱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ክፍሌ ውስጥ እናቷ ሸክላ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿ አይሰማም ነበር፤ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትመልሰው።

በመጀመሪያው የጭቃ ቀን ልጆቹ የሠሩት ሲኒ ሁሉ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። አዘኑ። ያቺ ልጅ ከኋላ ሆና «አፈሩ አልተነፋም» አለች። ሁሉም ዞሮ አያት። ወደ ፊት መጣች። ጠጠሩን እየለቀመች፣ ጭቃውን በመዳፏ እየመታች፣ ደግማ ደጋግማ አሸችው። «እንዲህ ነው፤ ነፋስ ከውስጡ መውጣት አለበት» አለች። ጎድጓዳ ሳህን ስትሠራ አውራ ጣቷን መሐል አስገብታ ጭቃውን ታዞረው ነበር እንጂ እጇን አታዞርም፤ ዳሩ እኩል ሆኖ ወጣ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ልጆች በሙሉ እጃቸውን እንደ እርሷ አደረጉ። ከዚያ ቀን በኋላ ጭቃ ላይ ችግር የገጠመው ልጅ እኔን አይጠይቅም፤ እርሷን ነበር የሚጠራው። ፊደል ላይ ስንመጣም እጇን ማውጣት ጀመረች። ከሱቅ የተገዛ መጫወቻ ይህችን ልጅ መምህር ሊያደርጋት አይችልም ነበር።

ፍሪድሪሽ ፍሮበል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1837 በጀርመን የመጀመሪያውን የሕፃናት ተቋሙን ሲከፍት ለልጆች መጫወቻ ብቻ አላዘጋጀም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ ያለው የአትክልት ቦታም ሰጥቷል። ዘር መዝራት፣ ውኃ ማጠጣት፣ መጠበቅ የትምህርቱ አካል ነበሩ። ያ አሳብ ዓለምን ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ መደቡ መንገድ ላይ ቀርቶ ጠረጴዛው፣ ወንበሩና ደብተሩ ብቻ ደረሱን። በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም. ከወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያሉት የ«ኦ» ክፍሎች በስፋት ተከፍተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ድሮ አፀደ ሕፃናት የከተማ ልጅና የከፋይ ልጅ ዕድል ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ክፍሎች ባዶ ናቸው። መምህሯ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዛ፣ ለትልልቅ ልጆች በተሠራ አግዳሚ ላይ እግራቸው መሬት የማይነካ ሕፃናትን ትጠብቃለች። ለእርሷ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ገንዘብ እስኪመጣ አትጠብቂ። ገብስ፣ ጭቃ፣ ጥላና ሣር በጀት አይጠይቁም፤ የገጠር ክፍል ደግሞ በዚህ ከእኔ ይልቅ ባለጸጋ ነው። ርእሰ መምህሩ ደብተር ቢጠይቅሽ ልጆቹ የለዩትን ዘር፣ የለኩትን ገመድ አሳዪው።

የእኔን ወራት ግን እንዳለ አትገልብጪ። ቦረና ላይ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ስትጥለቀለቅ እዚያ ደረቅ ነው። አፋር ያለ ልጅ የሚያውቀው ወንዝ፣ ጋምቤላ ያለ ልጅ ከሚያውቀው ጎርፍ ይለያል። በሙስሊም ቤተሰብ ያደጉ ልጆች ረመዳንን ይዘው ይመጣሉ፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። በዚያ ወር ልጆቹ ማታ ማታ ጨረቃን ከቤታቸው እያዩ ጠዋት ቅርጿን በጠመኔ ይሥላሉ፤ የክርስቲያኑም ልጅ ጨረቃ ጠባቂ ይሆናል። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ልጅ የምታሳድጉ አንባቢዎች ደግሞ በረዶው የእናንተ ልጆች ወቅት ነው፤ አውጧቸው፣ ይዳብሱት፣ ይመዝኑት፣ ሲቀልጥ ይዩት። አደይ አበባን ለበዓል ቀን ታሳዩዋቸዋላችሁ፤ ዓመቱን የሚማሩት ግን ደጃቸው ላይ ካለው ነው።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ወቅቱ ከሁሉ በበለጸገበት ጊዜ ነው። ከዓመቱ ዝናብ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የበቆሎ እሸት፣ ጎርፍ፣ ቡሄ፣ የጅራፍ ድምፅ ሁሉ ያኔ ነው። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ይዤ እልከዋለሁ። ከላይ የተቆረጠ ሃይላንድ ነው፤ አፉ ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ ገብቶበታል፣ ጎኑ ላይ በማርከር መስመር ተሰምሮበታል። ለወላጅ የምለው ትንሽ ነው፤ ከቤት ውጭ፣ ከጣራ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ጠዋት ጠዋት ልጁ ውኃው የት እንደደረሰ ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ ይድፋው።

ሁሉም አያደርገውም። አንዳንዱ ጠርሙስ ይጠፋል፤ አንዳንዱን ውሻ ይጫወትበታል። መስከረም ላይ ግን ጥቂት ልጆች ጠርሙሳቸውን በደረታቸው አቅፈው ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት የመጡትን ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። የአንዱ ልጅ ምልክቶች ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጡ ነበር፤ አንዳንዶቹ ከጠርሙሱ አፋፍ ደርሰዋል። «እኛ ሰፈር ብዙ ዝናብ ይዘንባል» አለ በኩራት። አጠገቡ የነበረችው ልጅ ቤቷ ከእርሱ ቤት በአንድ ግንብ ብቻ የሚለይ ነበር፤ የእርሷ ምልክት ግማሹን እንኳን አይሞላም። «ውሸት ነው» አለች፤ «አንተ ቆርቆሮው ሥር አስቀምጠኸው ነው።» «አላስቀመጥኩም!» ሌሎቹ ተቀላቀሉ፤ ቆርቆሮ ሥር ብዙ ይሁን ትንሽ ይሁን ለሁለት ተከፈሉ። እኔ መልሱን አልሰጠኋቸውም። መስከረም ገና ዝናብ አለው፤ ሁለት ጠርሙስ አዘጋጅተን አንዱን ከጣራው ጠርዝ ሥር፣ ሌላውን ሜዳው መሐል አቆምንና ሰማዩን መጠበቅ ጀመርን።